አገር ስጠኝ

ጉሙ ከጦሳ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ፣
ሰኞ ገበያ ላይ ሰው ሲጠፋው መንገድ፣
የፎቶ ኮፒ ቤቴን ከውስጥ እቆልፋለሁ፣
ውሉን፣ ማመልከቻውን ወደ ጎን ገፍቼ ወንበር እስባለሁ።
ቀን ሲያትም የዋለው ኮምፒውተር ሙቀቱን አልጣለም፤
ማታ ደግሞ በሱ እንሠራለን ዓለም።

አራት ነን።
ጦይብ ከኮምቦልቻ፣ ከጨርቃጨርቁ ፈረቃ ወጥቶ፣
ማሽኑ እስካሁን ከጆሮው ገብቶ፣
«ምን አልሽ? ድገሚው!» እያለ ይጮሃል።
ዘምዘም ከባቲ ናት፤ ከድምጿ ቀድሞ ማራገቢያዋ ይሰማል።
ይመር ከሐይቅ ነው። ሁልጊዜ ያረፍዳል፣
ሲገባም ሰላም ሳይል «ተራው የማን ነው?» ይላል።
እኔ ደግሞ ቀሪው ነኝ፦ ዝናቡም፣ ሽፍታውም፣
ንጉሡም፣ የንጉሡ በቅሎም፣
ባለ ሱቋም፣ ግልገል ዘንዶውም።

ካርታውን የሳልኩት በሥራ ሰዓት ነው፣
ደንበኛ ሲጠፋ፣ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ።
ወንዙ ቦርከናን፣ ጠመዝማዛው ሐረጎን እንዲመስል
አስቤም አልነበር፤ ጦይብ ግን ገና ሲያየው
«እቺ መታጠፊያ ላይ ሚኒባስ ሊገለብጠን ነበር» አለ።

ሶፍትዌሩ ጉም አለው።
ያልደረሱበትን ሁሉ በጥቁር ይሸፍናል፣
በማውስ ስገፈው ዋሻው፣ ደረጃው፣ አጥንቱ ይታያል።
«ደሴዎች ጉም አንሷችሁ ከኢንተርኔት አወረዳችሁ?»
አለች ዘምዘም፣ የባቲ ፀሐይ ያናገራት።

ያን ማታ ድልድይ ደረሱ።
ጠባቂ ሽማግሌ አበጀሁለት፣ ጢሙ እስከ ጉልበቱ፣
ሰይፍ አይፈራ፣ ጉቦ አይበላ፣ እንቆቅልሽ ነው ቀረጡ።
ድምፄን ጎርነን አድርጌ፦ «እንቆቅልህ!»
«ምን አውቅልህ?» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።
«ጥርስ የለው፣ ተራራ ይበላል፤
ሆድ የለው፣ ከተማ ይውጣል፤
ጠዋት ፀሐይ ስትጠይቀው የበላውን መልሶ ይሄዳል።»

ጦይብ «ጊዜ» አለ። አይደለም።
ዘምዘም «ባንክ» አለች። «ባንክ የበላውን መቼ መለሰ?» ተባለች።
ይመር ሃያ ጎን ያለውን ዳይስ ጣለ፤
ስክሪኑ ላይ ተንከባለለ፣
ተንከባለለ፣
«አንድ» ቁጥር ላይ ቆመ።
«እንግዲያው አገር ስጠኝ።»
ሰው ጎንደርን ይሰጣል፣ ሐረርን ይሰጣል፤ የራሱን ማን ይሰጣል?
እሱ ሳቀና «ሐይቅን ሰጠሁህ» አለ፣
«ከነውሃው፣ ከነዓሣው፣ ከነጀልባው።»
ሽማግሌው አፉን ከፈተ፦ «ሐይቅ ገብቼ…»
ኔትወርኩ ቀጥ አለ።

መብራትም ሄደ። ከዚያ ስልኩ። ከዚያ መንገዱ።
ብዙ ነገር ሄደ፤ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው።
መስመሩ ሲመለስ ጄኔሬተር ተውሼ ካርታውን ከፈትኩ።
ጦይብ ገባ። ዘምዘም ገባች።
የይመር ክብ ምስል ብቻ፣ ቀይ ጥምጣሙን እንዳሰረ፣
ድልድዩ አፋፍ ላይ ቆሟል።
ሐይቅ ሰው ላክን፤ «ቤቱ ዝግ ነው» አሉን።
«እናንቀሳቅሰው?» አለ ጦይብ።
ማውሱን ያዝኩ። ለቀቅኩ።
ተራው የሱ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ እንገናኛለን፤ አንጫወትም።
ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዘምዘም ልጅ ጥርስ እናወራለን፣
ዓይናችን ድልድዩ ላይ።
ብቻዬን ስሆን ይከነክነኛል፦
ምነው ሌላ ቀረጥ በጠየቅሁ፣
ምነው ያን ሽማግሌ ባላበጀሁ።

አሥራ አራተኛው ወር። ጉሙ የሱቄን መስኮት ልሶታል።
ዝርዝሩ ላይ አንድ አረንጓዴ ነጥብ በራ።
የዘምዘም ማራገቢያ እንኳ የቆመ መሰለኝ።
ማይኩ ተንኮሻኮሸ።
«ተራው የማን ነው?»

የት ነበርክ አላልነውም።
ጦይብ አፍንጫውን ሳበ፤ ጉንፋን ነው አለ።
ይመር ከሽማግሌው ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አላወራም፦
«አባባ፣ አላወቅሁትም።
መልሱን ንገረኝና
አገሬን መልስልኝ።»

የሽማግሌው ድምፅ እምቢ አለኝ።
ማውሱን ይዤ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ጥቁር
ከጥጉ ጀምሬ
ቀስ ብዬ ገፈፍኩት።